በተማሪዎች የእንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ የሚመላለሱ የሰዋስው ስህተቶች፦ ጥፋቱ የአማርኛ ነው? እርማቱስ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ — መምህር ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ደሴ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በየጊዜው አጭር ድርሰት ይጽፋሉ፤ እኔም ደብተሩን ሰብስቤ፣ ስህተቱን አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ፣ ትክክለኛውን ከላዩ ጽፌ እመልሳለሁ። በሚቀጥለው ድርሰት ግን ያው ስህተት በያው ተማሪ እጅ ተመልሶ ይመጣል። ነገሩ በቀላሉ እንዲታያችሁ ከብዙ ደብተሮች ውስጥ የሚመሳሰሉትን ዐረፍተ ነገሮች አገጣጥሜ አንድ አንቀጽ አዘጋጅቻለሁ፤ በእኛው ፊደል ያሰፈርኩትም ጉዳያችን ስፔሊንግ ሳይሆን ሰዋስው ስለሆነ ነው።

«ማይ ግራንድማዘር ሺ ሊቭ ኢን ሐይቅ። ኦልዞ ሺ ኢዝ ኦልድ፣ በት ሺ ጎ ቱ ማርኬት ኤቭሪ ዊክ። ዘ ፊሽ ዊች ዊ ባይ ኢት ፍሮም ዜር ኢዝ ቬሪ ናይስ። አይ አም ላይክ ዚስ ፕሌስ።»

ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ልጁ የሚናገረው አለው። ነገር ግን ስህተት የሌለበት ዐረፍተ ነገር የለም። በትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ ስንወያይ አንድ ባልደረባዬ «ይህ ሁሉ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ከመጻፍ የመጣ ነውና በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ጨርሶ መከልከል አለበት» ሲሉ፣ ሌላዋ ደግሞ «ተማሪው ብዙ ካነበበ ራሱ ይስተካከላል፤ ቀይ እስክሪብቶው ልጁን ከማስፈራት በቀር የሚፈይደው የለም» አሉ። እኔ በሁለቱም አልረካሁም። ስህተቶቹ በእርግጥ ከአማርኛ የመጡ ናቸው? ሁሉንም ማረም ዋጋ ከሌለውስ የትኛውን ልረም፣ የትኛውን ልለፍ?

ምላሽ — መምህርት ከኮምቦልቻ

መምህር፣ አብሽሩ፤ ይህ አንቀጽ እኛም ዘንድ በየደብተሩ አለ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ «ከፊሉ አዎ፣ ከፊሉ ፈጽሞ አይደለም» የሚል ሲሆን፣ ሁለቱን ሳይለዩ መድኃኒት መፈለግ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

በግልጽ ከአማርኛ በመጣው ልጀምር። «ዘ ፊሽ ዊች ዊ ባይ ኢት» ያለው ተማሪ በልቡ ያለው «የምንገዛው ዓሣ» ነው። በአማርኛ ግሱ ራሱ መጨረሻው ላይ በምትገኘው «ው» ወደ ዓሣው ይጠቁማል፤ «ያየኋት ልጅ» ስንልም ልጅቷ በግሱ ውስጥ አለች፤ «የምንገዛበት ገበያ» ስንል ገበያው በ«በት» ውስጥ አለ። ተማሪው ይህችን ጠቋሚ እንዳትጠፋበት ሲል «ኢት» አድርጎ አሻገራት። በእንግሊዝኛ ግን «ዊች» ያንን ቦታ ቀድሞ ስለያዘው ሁለተኛ ጠቋሚ አያስፈልግም። «ኦልዞ» እና «በት» አብረው የመጡበትም መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ እኛ «ምንም እንኳ ብታረጅም» ስንል ማያያዣውን ከፊትም ከኋላም እናስራለን፤ አልፎ ተርፎም «ነገር ግን» ብለን እንቀጥላለን፤ ለጆሯችን ምንም አይጎረብጠንም። እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፈቅዳል። እነዚህን ስህተቶች ለማስተካከል አማርኛን መከልከል መድኃኒቱን ከበሽታው ጋር አብሮ መጣል ነው፤ እኔ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ «ው የት ሄደች?» ብዬ ስጠይቅ ተማሪው በደቂቃ ውስጥ ይገባዋል።

«ሺ ሊቭ» እና «ሺ ጎ» የሚሉት ግን የሌላ ዓይነት ናቸው። በሦስተኛ መደብ ነጠላ ግስ ላይ የምትጨመረው «ኤስ» የምትጠፋው አማርኛ ግሱን ከባለቤቱ ጋር ማስማማት ስለማያውቅ ነው ሊባል ይችላልን? እኖራለሁ፣ ትኖራለህ፣ ትኖሪያለሽ፣ ይኖራል፣ ትኖራለች፣ እንኖራለን፣ ትኖራላችሁ፣ ይኖራሉ እያልን፣ ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ግሱን የምንለውጥ ሰዎች ነን። የስህተቱ ምንጭ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቻችን ይህችን «ኤስ» ለመርሳት የመጨረሻዎቹ በሆኑ ነበር። ሄይዲ ዱሌይና ማሪና በርት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማሩ ስፓኒሽ ተናጋሪና ቻይንኛ ተናጋሪ ሕፃናትን አነጻጽረው፣ የሰዋስው ምልክቶቹን የሚይዙበት ቅደም ተከተል በእጅጉ ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል፤ ይህች «ኤስ» ዘግይተው ከሚያዙት መካከል ናት። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሕፃናት እንኳ ቀድመው የሚይዟት «ኢንግ»ን እንጂ እሷን አይደለም። እዚህ ኮምቦልቻም ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉኝ፤ አማርኛ ተናጋሪው የሚጥላትን «ኤስ» እነሱም በያው ቦታ ይጥሏታል።

«አይ አም ላይክ» የምትለዋን በተመለከተ የራሴ ግምት ነገሩ ከእኛው አስተማሪዎች የመጣ ነው የሚል ነው። ልጆቹ ገና ከመጀመሪያ ክፍሎች «አይ አም፣ ዩ አር፣ ሂ ኢዝ» እያሉ በዜማ ስለሚሸመድዱ «አይ» እና «አም» ተጣብቀው አንድ ቃል ይሆኑባቸዋል።

ምላሽ — የፍሬሽማን እንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ደሴ

የመምህርቷን ትንታኔ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ በዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ስለማስተምር የእናንተ ተማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ እጄ ይገባሉ፤ ስህተቶቹም ሳይጎድሉ አብረዋቸው ይመጣሉ።

ስለ እርማቱ ከመናገሬ በፊት ግን በአንቀጹ ውስጥ ያልታየ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የከበደ አንድ ጉዳይ አለ። እሱም ተማሪው አራትና አምስት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ እያያያዘ ገጹን መሙላቱ ነው። «ሂ ጎት አፕ፣ ሂ ዎሽድ ሂዝ ፌስ፣ ሂ ኤት ብሬክፋስት፣ ሂ ዌንት ቱ ስኩል» ይልና አንቀጹ ሲያልቅ አንድ ነጥብ ያስቀምጣል። ብዙ መምህራን ይህን የሥርዓተ ነጥብ ስንፍና አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን ከቦዝ አንቀጻችን የመጣ ይመስለኛል። «ጠዋት ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ» ስንል ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው «ሄደ» ብቻ ነው፤ «ተነሥቶ»፣ «ታጥቦ»፣ «በልቶ»፣ «ይዞ» ሁሉም ተንጠልጥለው እሱን ይጠብቃሉ። ስለዚህ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ማድረግ ትክክል ነው፣ ያምራልም። ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የተንጠለጠሉት ግሶች ሁሉ የቆሙ፣ በራሳቸው የተዘጉ ግሶች ይሆናሉ፤ ሰረዙ ግን ባለበት ይቀራል። ያስተዋልኩት አስገራሚ ነገር ደግሞ እንዲህ ያለውን ረጅም ዐረፍተ ነገር የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ አማርኛቸው የበሰለ፣ ትረካ የሚችሉ ልጆች መሆናቸው ነው። አጭር አጭር ጻፉ ብሎ መገሠጽ ትረካቸውን ይቆራርጠዋል፤ ከዚህ ይልቅ «ተነሥቶ» የሚለውን በ«አፍተር» ወይም «ጌቲንግ አፕ» በሚል ሐረግ ማንጠልጠል እንደሚቻል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ድርጊቶችም በ«ኤንድ» ማሰር እንደሚበቃ ብናሳያቸው ረጅሙን ዐረፍተ ነገር እንደያዙ ይስተካከላሉ።

አሁን ወደ እርማቱ ልምጣ። ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ በሁለት ዓይነት ጥፋቶች መካከል ልዩነት አድርጓል፤ አንደኛው ተማሪው ደንቡን እያወቀ በድካም ወይም በጥድፊያ የሚስተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ተማሪው በራሱ አእምሮ ከሠራው ደንብ የሚመነጭና በተከታታይ የሚታይ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ትክክለኛውን ሳይጽፉ ከሥሩ ብቻ ያስምሩና ደብተሩን ይመልሱለት። ራሱ ካስተካከለው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ቀይ ቀለም አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው። ዓይኑን አፍጥጦ ከቀረ ግን ማስተማር ያለብዎት እዚያ ላይ ነው።

የባልደረባዎ «ቀይ እስክሪብቶ አይፈይድም» የሚለው አስተያየትም ባዶ አይደለም። ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 በድርሰት ላይ የሚደረግ የሰዋስው እርማት ውጤት አልባ፣ እንዲያውም ጎጂ ነውና ይቅር ብሎ ተከራክሯል። ዳና ፌሪስ በ1999 በሰጠችው ምላሽ ደግሞ ድምዳሜው የተቻኮለ መሆኑን፣ ደንብ ያላቸው ስህተቶችም ከሌሎቹ ተለይተው መታየት እንዳለባቸው አስረድታለች። ኋላ ላይ እነ ጆን ቢችነር ባደረጓቸው ጥናቶች፣ መምህሩ ሁሉንም ማረሙን ትቶ እንደ «ኤ» እና «ዘ» አጠቃቀም ባለ አንድ ውስን ጉዳይ ላይ ብቻ ሲያርም ተማሪዎች መሻሻል አሳይተዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድርሰት ሁለት የስህተት ዓይነት መርጠው አስቀድመው ለክፍሉ ይንገሩ፤ ሌላውን አይተው እንዳላዩ ይለፉ። ምርጫው ከምን ይጀምር ከተባለም፣ ማሪና በርትና ካሮል ኪፓርስኪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዳስቀመጡት፣ የዐረፍተ ነገሩን አጠቃላይ መልእክት የሚያናጋው፣ ማለትም የቃላት ቅደም ተከተልና የማያያዣ ስህተት፣ መቅደም አለበት። የ«ኤስ» መጉደል አንባቢውን አያሳስተውምና ሊቆይ ይችላል።

ምላሽ — የምርት ክፍል ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

መምህር አይደለሁም፤ ሆኖም በሥራዬ ብዙ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ስለማነብ አንድ ተቃውሞ ባሰማ ደስ ይለኛል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ውስጥ በእንግሊዝኛ ሪፖርት የሚጽፍ ወጣት በዝቷል። በፈረቃ መለዋወጫ መዝገብ ላይ «ማሽን ስቶፕ» የሚል አንድ መስመር አነባለሁ። ማሽኑ ቆሞ ነበር ማለት ነው? አሁንም እንደቆመ ነው? በየጊዜው ይቆማል ማለት ነው? ወይስ ተረካቢው ፈረቃ እንዲያቆመው ትእዛዝ መስጠቱ ነው? አንድ ማሽን ነው ወይስ ብዙ? ይህን ሁሉ የሚለዩት እነዚያ ጥቃቅን የተባሉ የግስ መድረሻዎችና የብዙ ቁጥር ምልክቶች ናቸው። የፍሬሽማን አስተማሪው «አንባቢውን አያሳስትም» ያሉት ስለ ሴት አያት በተጻፈ ድርሰት ላይ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በዙሪያው ያለው ሐሳብ ጉድለቱን ይሞላዋል። በሁለት ቃል ሪፖርት ውስጥ ግን የሚሞላው ነገር የለም። ለዚህም ነው እኔ በበኩሌ የኃላፊ ጊዜዋን «ኢዲ» እና የብዙ ቁጥሯን «ኤስ» ለመጨረሻ የማላቆየው።

ሌላው፣ እንደ ወላጅም ጭምር የምናገረው፣ ልጆቻችን መቼ ይጽፋሉ የሚለው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን በምርጫ የሚመለስ ነው። ልጄ «ሂ ጎ» እና «ሂ ጎዝ» ተደርድረው ሲቀርቡላት ሳታመነታ ትክክለኛውን ታጠቁራለች፤ ደብዳቤ ጻፊ ስላት ግን «ሂ ጎ» ብላ ትጽፋለች። ትክክለኛውን ለይቶ ማወቅና አፍልቆ መጻፍ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ፈተናው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነም ተማሪው ለሁለተኛው ጊዜ ባይሰጠው አይፈረድበትም።

ጠያቂው — መምህር ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ማሽን ስቶፕ» የሚለውን ምሳሌ ክፍል ውስጥ እወስደዋለሁ፤ እኔ በሰዋስው ስም ለማስረዳት ስደክም የኖርኩትን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ ድርሰቱን የቤት ሥራ አድርጌ ስሰጥ በቅርብ ጊዜ ከአንዳንዶቹ የሚመለስልኝ አንድም ስህተት የሌለበት ጽሑፍ ነው፤ ስልኩ ጽፎላቸዋል። ክፍል ውስጥ ስናጽፍ ያው የሐይቁ አንቀጽ ይመለሳል። ሁለተኛው የ«ዘ» ጉዳይ ነው። ከፊሉ ጨርሶ ይተዋታል፤ ከፊሉ ደግሞ «ዘ ኤዱኬሽን ኢዝ ዘ ኪ» እያለ በየስሙ ፊት ይደረድራታል። ይህችን በምን ላስረዳ?

ምላሽ — መምህርት ከኮምቦልቻ

ከ«ዘ» ልጀምር፤ እዚህ ላይ አማርኛ ከምናስበው በላይ ይረዳናል። ተረት ስንጀምር «አንድ ሽማግሌ ነበሩ» እንላለን፤ ቀጥለን «ሽማግሌው» እንላለን እንጂ መልሰን «አንድ ሽማግሌ» አንልም። እንግሊዝኛውም መጀመሪያ «ኤ»፣ ቀጥሎ «ዘ» ሲል የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ እኛ «አንድ»ን መተው መቻላችን ነው፤ «መጽሐፍ ገዛሁ» ብንል ማንም አያርመንም፤ እንግሊዝኛው ግን እዚያ ቦታ ላይ «ኤ»ን በግድ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሚተዋት ተማሪ ማሳየት ያለብዎት ይህችን ብቻ ናት። «ዘ ኤዱኬሽን» የሚለውን ተማሪ ደግሞ «ትምህርት ቁልፍ ነው ትላለህ ወይስ ትምህርቱ ቁልፍ ነው?» ብለው ይጠይቁት። «ትምህርት» ይልዎታል፤ በአማርኛው ያልጨመራትን «ኡ» በእንግሊዝኛው ምን አስጨመረው? አማርኛው ትክክለኛውን እየነገረው፣ እሱ ግን እንግሊዝኛ ለማስመሰል ሲል «ዘ»ን ደረደረ። ይህ ዘዴ ሁሉን እንደማይሸፍን ላስጠነቅቅዎ እወዳለሁ፤ የወንዞችንና የተራሮችን ስም በተመለከተ አይሠራም፤ «ዘ ናይል» ሲባል ወንዙ «ዘ» ይዞ፣ ጦሳ ተራራን የመሰለው ነጠላ ተራራ ግን ያለ «ዘ» የሚጻፍበትን ምክንያት በአማርኛ ማስረዳት አይቻልምና እሱን ማስጠናት ብቻ ነው።

የስልኩን ጉዳይ በተመለከተ እኔ የማርመውን ሁሉ ክፍል ውስጥ አደረግሁት። ከሃምሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ሙሉ ድርሰት ማጻፍ ስለማይቻል፣ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያላት አንቀጽ ይጽፋሉ፤ እኔ ለዚያ ሳምንት ከመረጥኳቸው ሁለት ስህተቶች በስተቀር ሌላ አልነካም፤ ትክክለኛውንም አልጽፍላቸውም። በሚቀጥለው ቀን ከሥሩ የተሰመረበትን ራሳቸው አስተካክለው በዚያው ገጽ ላይ እንደገና ይጽፉታል። ውጤት የምሰጠው ለሁለተኛው ጽሑፍ ነው፤ ለመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ እርማቱን የሚያይ ተማሪ አይኖርም ነበር። ስልክ የጻፈውን የቤት ሥራም አልጥለውም፤ ባለቤቱን አስነሥቼ «ይህ ዐረፍተ ነገር ለምን በኃላፊ ጊዜ ተጻፈ? ይህችን ዘ ምን አመጣት?» እያልኩ በክፍሉ ፊት አወያየዋለሁ።

ምላሽ — የፍሬሽማን እንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ደሴ

የምርት ክፍሉ ባለሙያ ያቀረቡት ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ የስህተት ክብደት የሚመዘነው በጽሑፉ ዓይነት መሆን አለበት። ለትረካ ማያያዣውንና ነጠላ ሰረዙን፣ ለሪፖርትና ለላቦራቶሪ ጽሑፍ የግሱን ጊዜና ቁጥሩን ማስቀደም ይሻላል። ለመምህሩ አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የመጀመሪያውን ወር ደብተሮች ሲያዩ የስህተት ዓይነቶቹን በአንድ ወረቀት ላይ በጭረት ይቁጠሯቸው። በአንዱ ክፍል የበዛው የማያያዣ፣ በሌላው የበዛው የ«አይ አም ላይክ» ዓይነት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉና፣ ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ዓይነት ትምህርት ይዘው አይግቡ።